ሥራ የሚታየው በጠርዙ ነው፦ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ለሚያሰናዱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ለሥራም ሆነ ለትምህርት ጎንደር መጥታችሁ፣ በማራኪም ይሁን በአዘዞ አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወጣቶች፣ ገቢያችሁ ከቤት ኪራይና ከቀለብ አልፎ ለመጋረጃና ለመደርደሪያ እንደማይተርፍ አውቃለሁ። እኔ የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ በማስተማር ዕድሜዬን የገፋሁ ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ የጎረቤት ልጆች «ክፍሌን በትንሽ ገንዘብ እንዴት ላሳምር?» እያሉ ዘወትር ስለሚጠይቁኝ፣ ለእነርሱ በቃል የምነግራቸውን ለእናንተ በጽሑፍ ለማድረስ ወደድሁ።

አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ቀሪው ሁሉ ከእርሱ የሚነሣ ነው። በቤት የተሠራ ዕቃ ርካሽ መስሎ የሚታየው የተሠራበት ነገር ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ጠርዙ ስላልተጨረሰ ነው። ጆንያ በደንብ ከተያዘ ያምራል፤ ዳሩ እየተተረተረ ክሩ ሲንጠለጠል ግን ማንም አይቶ የወደቀ ጨርቅ ይለዋል። ሳንቃውም፣ ካርቶኑም፣ የተቀባው ግድግዳም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሥራ ካላችሁ ጊዜ ግማሹን ለጠርዙ አስቀሩ ስላችሁ ያጋነንሁ አይምሰላችሁ።

ለጀማሪ እጅ የሚመቸው ጨርቅ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ለመጋረጃ አቡጀዴ ይበቃል፤ ነገር ግን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዘፍዝፋችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ተኩሱት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ መጋረጃ በኋላ አጥሮ ከመስኮቱ ደፍ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስፋቱ የመስኮቱን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ያለዚያ ሲዘጋ ይወጠርና ምንም እጥፋት አይኖረውም። የታችኛውን ጠርዝ ከሌላው ሰፋ አድርጋችሁ፣ ስምንት ወይም ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ቀምቅሙት፤ የእጥፋቱ ክብደት መጋረጃውን ወደ ታች ስቦ ቀጥ ያደርገዋል። ከእናቱ ያረጀ ነጠላ የተሰጠው ሰው ካለ ደግሞ መሐሉ ቢሳሳም ጥለቱ ገና ጤነኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን ጫፎች ቆርጦ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ ለትንሽ መስኮት ቢሰፋው ሸማኔው ጠርዙን አስቀድሞ ሠርቶለታል።

ለጆንያ ግን የተለየ ብልሃት አለ። መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት መቁረጥ በምትፈልጉበት መስመር ላይ አንዲት ክር በመርፌ ጫፍ ለይታችሁ፣ በሁለት ጣት ይዛችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ከዳር እስከ ዳር ምዘዟት። ክሯ ስትወጣ ጠባብና ቀጥ ያለ ክፍተት ትታ ትሄዳለች፤ መቀሱ ያንን ክፍተት ከተከተለ ማስመሪያም ጠመኔም ሳያስፈልግ ቁራጩ ቀጥ ይላል። መሐል ላይ ብትበጠስ አትደንግጡ፤ የተበጠሰችበትን ቦታ ፈልጋችሁ ጫፏን እንደገና ያዙ። ከተቆረጠ በኋላ ግን ዳሩን በወፍራም ክር ዙሪያውን ወዲያው ስፉት፤ ለነገ ካሳደራችሁት ጆንያው በተነካ ቁጥር እየተተረተረ ያድራል። የማዳበሪያ ከረጢት የሚጠቀሙ ልጆች ጫፉን በእሳት ሲያቀልጡት አያለሁ፤ የላስቲክ ጭስ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መተንፈስ ደኅና ነገር አይደለምና አጥፎ መስፋት ይሻላል።

ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል በካርቶን ላይ ለጥፎ መስቀል የምትወዱ ብዙዎች ናችሁ። ሙጫ ለመግዛት አትቸገሩ፤ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአራት ወይም በአምስት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ፣ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ እስኪወፍርና እስኪያብረቀርቅ ብታበስሉት ለወረቀትና ለጨርቅ የሚሆን መልካም ማጣበቂያ ይወጣዋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ስለሚሸት ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በአንድ ወገን ብቻ ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን ሲደርቅ ይጎብጣል፤ እርጥቡ ወረቀት እየተኮማተረ ወደ ራሱ ይስበዋልና። በጀርባው ማንም የማያየው ቢሆንም ተመሳሳይ ወረቀት ለጥፉበት፤ ከዚያም በሁለት ሳንቃ መካከል አድርጋችሁ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። በዙሪያው ስለሚሠራው ጌጥ ምሳሌ የምትሹ ከሆነ እዚሁ ጎንደር ወዳለው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውጡ። ጎብኚው ሁሉ አንጋጦ በጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ይቈጥራል፤ እናንተ ግን ዓይናችሁን ወደ ግድግዳው መልሳችሁ ሠዓሊዎቹ አንዱን ታሪክ ከሌላው የለዩበትን የቀለም መስመር ልብ በሉ። በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ላይ ያለው፣ ሐረግ የሚባለው የተጠላለፈ ጌጥም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ብቻ ይዞ ገጹን ያከብረዋል። ከዚያ አንድ ሐረግ ቀድታችሁ በካርቶኑ ዳር ብትሥሉ ከማንኛውም የፕላስቲክ ፍሬም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ወደ ኖራ ስመጣ ቃሌ ይረዝማል። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ የተነሡት ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው፤ ዛሬ ግን ወጣቱ ለግድግዳ ሌላ ነገር ያለ አይመስለውም፣ በባልዲ ከሚሸጠው ውድ ቀለም በቀር። ከአከራያችሁ ፈቃድ ካገኛችሁ አንዲት ክፍል በኖራ መቀባት ከሁሉ የሚቀል ወጪ ነው። ውኃ ጠጥቶ የበረደውን የዱቄት ኖራ ግዙ፤ ውኃ ያልነካው ጥሬ ኖራ ውኃ ሲያገኝ ስለሚፈላና ስለሚፈናጠር ለለመደ ሰው ተዉት። የበረደውም ቢሆን ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። ዱቄቱን በውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ በማግሥቱ በስስ ጨርቅ አጥልላችሁ ወተት እስኪመስል አቅጥኑት፤ ለአንድ ባልዲ አንድ እፍኝ ጨው መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ግድግዳውን ጠርጋችሁ፣ በብሩሽ ውኃ አርከፍክፋችሁበት፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቀቡ።

እርጥብ ሳለ ምንም ያልተቀባ ይመስላችኋል፤ ብዙዎች በዚህ ተታለው ወፍራም አድርገው ይደግሙታል፣ ወፍራሙም ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ኖራ የሚነጣው ሲደርቅና ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ አንድ ስስ ድርብ እየቀባችሁ ሦስት ወይም አራት ቀን ታገሡ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ግድግዳ በረፋድ አትንኩ፤ ቶሎ የደረቀ ኖራ ዱቄት ሆኖ ልብስ ላይ ይቀራል። ዘይት ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይይዝም። ከወለሉ በላይ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆነውን ቦታ ወለል በተወለወለ ቁጥር ውኃ ስለሚረጨው በሌላ ቀለም ለዩት፤ በወንፊት የተነፋና የደቀቀ ቀይ አፈር ከኖራው አንድ ዐሥረኛ ሳይበልጥ ብትቀላቅሉበት ይበቃል። በእርጥቡ የምታዩት ቀለም ሲደርቅ እጅግ ስለሚፈካ አስቀድማችሁ በአንድ ጥግ ሞክሩት። መለያ መስመሩን በገመድ ለክታችሁ ቀጥ ካደረጋችሁት ግን ክፍሉ በሙሉ የባለሙያ እጅ የነካው ይመስላል።

መደርደሪያን በተመለከተ የባሕር ዛፍ ሳንቃ ዋጋው ቀላል ነው፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ሳይደርቅ ከተመታ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስስ እንጨት በመካከሉ እያደረጋችሁ በጥላ ደርድሩት፤ ከላይ ድንጋይ ጭናችሁ ሳምንታት ይቆይ። ሚስማሩን በቀጥታ ከመምታት ይልቅ ከሚስማሩ በሚቀጥን መሰርሰሪያ አስቀድማችሁ ብሱት፤ ከሳንቃው ጫፍም ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ራቁ። ጠርዙን መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ሙረዱት፤ ሹሉ ማዕዘን በአውራ ጣታችሁ ስትዳስሱት እስኪለዝብ ድረስ አትተዉት። የተልባ ዘይት ካገኛችሁ በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ አጥጡት፤ ወፍራም የቀባ ሰው ለብዙ ቀን ሳይደርቅለት አቧራ ይለጠፍበታል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። ዘይቱን የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

መደርደሪያውን ስትሰቅሉ ደግሞ ግድግዳችሁን እወቁ። በጭቃ ቤት ሚስማር ጭቃውን ብቻ ይዞ አይጸናም፤ በጣታችሁ መገጣጠሚያ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ስትሄዱ የፈዘዘው ድምፅ ጠንከር የሚልበት ቦታ ቋሚው እንጨት ያለበት ነውና እዚያ ላይ ምቱ። በብሎኬት ቤት ፊሸር፣ ማለትም በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ ብሎኑን አጥብቆ የሚይዝ ፕላስቲክ፣ ያስፈልጋል፤ በተለይ መጻሕፍት የምትጭኑ ከሆነ።

የቆርቆሮ ጣሳ በቀላሉ የጤና አዳም ወይም የበሶብላ መትከያ ይሆናል፤ ታቹን በሚስማር በስታችሁ ውኃ ማውጫ አብጁለት፣ የተከፈተበትን ስለታም አፍ ደግሞ በመዶሻ ወደ ውስጥ አስተኙት። ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የሚመጣውን የሸክላ ዕቃ ለአበባ ማስቀመጫ የምትገዙ ልጆች፣ ሸክላው ውኃ ስለሚያሳልፍ ጠረጴዛችሁን ያረጥባል፤ በውስጡ ጠርሙስ አኑሩበት።

የሣር ስፌትን፣ ሞሰብ የሚሰፋበትን ሙያ፣ ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምወደው ነው። በስልካችሁ የምታዩት የእጅ ሥራ ቪዲዮ ብዙው ቅዳሜ ገበያ የማይገኝ ዕቃ ይጠይቃል፤ ሰንደዶና አክርማ የሚባሉት የስፌት ሣሮች ግን በዚያው ገበያ አሉ፣ ስፌት የምታውቅ እናትም በየሰፈሩ አለች። «እማማ፣ አሳዩኝ» ብላችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ብትቀመጡ ከስንት ቪዲዮ ይሻላችኋል፤ ወንዶች ልጆች እንዳታፍሩ፣ ወስፌ ወንድ ሴት አይልም። በትልቅ ሞሰብ አትጀምሩ፤ ለትኩስ ድስት ማስቀመጫ የሚሆን፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚሰፋ ክብ ነገር ይበቃችኋል። አክርማውን ውኃ ነክራችሁ አለስልሱት፤ ሰንደዶውን በቀጭኑ አሲዛችሁ፣ አክርማውን እየጠመጠማችሁ፣ ወስፌው የፊተኛውን ዙር እየበሳ እየሄደ ክቡ ይሰፋል። ቀለም የተነከረ አክርማ ከገዛችሁ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽታችሁ የሚለቅ መሆኑን አይታችሁ ጀምሩ። ዳሩ ላይ ስትደርሱ ውስጥ ያለውን የሰንደዶ ዘለላ በአንድ ጊዜ አትቁረጡት፤ የመጨረሻው ዙር ሊያልቅ ሲል ሰንደዶዎቹን አንድ በአንድ፣ አንዱን ከሌላው እያሳጠራችሁ ቁረጡ፤ ዙሩ እየቀጠነ ሄዶ ከበታቹ ካለው ጋር ይዋሐዳል፣ የት እንዳለቀም አይታወቅም። ባለሙያዋ ሥራችሁን ስትቀበል መጀመሪያ ጣቷን የምታሳርፈው እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ወራቱን በተመለከተ ኖራና እንጨት ከጥቅምት ወዲያ ያለውን በጋ ይሻሉ፤ ጨርቅና ስፌት ግን ዝናብ ከቤት በሚያውላችሁ ወራት ይሠራሉ። በዚህ ክረምት በጆንያ የምትጀምሩ ከሆነ ሰኔ ሳይገባ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ በሐምሌ የታጠበ ጆንያ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም፣ ሽታውም አይለቅም።