መስከረም የአረም ወር ነው

ከነሐሴ አጋማሽ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ በአዲሱ ዓመት ምን ይቅደም፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ መካከልስ ደስታ የሚገባው የት ላይ ነው? አምስቱን አሳጥሬ፣ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ በዋዜማው ምሽት፣ ችቦው ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ፣ ዐሥር ያህል ዕቅዶች በደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ቋንቋ መማር፣ ስፖርት መሥራት፣ ገንዘብ ማጠራቀም፣ ሁለተኛ ዲግሪ መጀመር፣ ሌላም ሌላም። ጥቅምት ሳይጋመስ ሁሉንም እተዋለሁ። ወኔ አንሶኝ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የወኔ ማነስ ነው ብዬ አላምንም፤ ወሩን የተረዱበት መንገድ ይመስለኛል። መስከረም 1 ቀን ዓመቱ ይለወጣል እንጂ ክረምቱ አይወጣም፤ በቤተ ክርስቲያን የወቅቶች አቆጣጠር ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን ሲሆን፣ መፀው የሚገባው በማግስቱ ነው። ወደ ገጠር ወጣ ብለው ቢመለከቱ፣ ገበሬው በዚህ ወር የያዘው ሥራ ምን እንደሆነ ወዲያው ያያሉ። በሐምሌ የዘራው ጤፍ በቅሏል፣ አረሙም አብሮት በቅሏል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ያርማል። በመስከረም የሚዘራ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ በጥቁር አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ሲያባራ በቀረው እርጥበት ይዘራሉ፤ ይህ ግን ከዓመቱ እርሻ ጥቂቱ ነው። እርስዎ ግን ባልታረመ ማሳ ላይ ዐሥር ዓይነት ዘር በአንድ ሌሊት ይበትናሉ፤ ከዚያም ለምን አልበቀለም ብለው ራስዎን ይወቅሳሉ።

ዘንድሮ ደብተሩን ከሌላኛው ጫፍ ይጀምሩት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያቅዱትን ሳይሆን አሁን የተሸከሙትን ይጻፉ፦ አፍረው የገቡበት ኮሚቴ፣ እምቢ ማለት ከብዶዎት የያዙት ሁለተኛ ዕቁብ፣ ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት የሚበላው ስልክ። ከእነዚህ መካከል እስከ መስከረም 25 የሚነቀሉትን ሁለት ወይም ሦስት ነገሮች ይምረጡ። ቅድሚያ መስጠት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚለየው፤ ምንም ነገር ሳይቀር የሚሰጥ ቅድሚያ ዝርዝርን ቅደም ተከተል ከማስያዝ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ከዐሥሩ ዕቅዶች አንዱን ብቻ፣ ቀንና ሰዓት ወስነው፣ መፀው እስኪያልቅ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ይያዙት። የቀሩትን ዘጠኙን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ወረፋ ይያዙ፤ በጋው ሲገባ ደግሞ ሁለተኛውን ይጠራሉ።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የትምህርት ቤት ክፍያው፣ ደንብ ልብሱ፣ ደብተሩ፣ የበዓሉ ዶሮና ቅቤ በአንድ ላይ ይመጡብኛል። ከየትኛው ልቀንስ? ለደስታማ የሚተርፍ ነገር የለም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ትምህርት ቤቱ ይቅደም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ከበዓሉ ግን መቀነስ ይቻላል። ዶሮ በአገራችን ሥርዓት 12 ብልት ይወጣላታል፤ ሁለት ጎረቤታሞች አንዷን ዶሮ ተካፍለው፣ ሽንኩርቱንም በአንድ ላይ አቁላልተው በዓሉን ሲያሳልፉ አይቻለሁ፤ ከሁለቱ ቤት አንዱም በዓል የጎደለበት አልመሰለም። ለሚመጣው መስከረም ደግሞ ከወዲሁ ሒሳብ ይያዙ። የዘንድሮው የመስከረም ወጪ ለምሳሌ 36,000 ብር ቢሆን፣ ጫናው ከሚቀልበት ከኅዳር እስከ ነሐሴ ባሉት 10 ወራት ሲከፋፈል በወር 3,600 ብር ይደርሳል። ዋጋ ስለሚጨምር ትንሽ ከፍ ማድረጉ ይበጃል። ዕቁብ ካለዎት፣ ዕጣዎ ቀደም ብሎ ቢወጣ ነሐሴ ላይ ከሚደርሰው ሰው ጋር እንዲቀያየሩ ሰብሳቢውን ያነጋግሩ።

ስለ ደስታው የጻፉት ዐረፍተ ነገር ግን አሳስቦኛል። ደስታን ከወጪ የሚተርፍ ገንዘብ አድርገው ቆጥረውታል። ደብተር የሚሸፈንበትን ምሽት ያስቡ፤ ለማንኛውም የሚደረግ ሥራ ነው። እሸት በቆሎው በዚህ ወር ሞልቷል። ልጆቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ሲሸፍኑ፣ እርስዎ በቆሎውን በከሰል ሲጠብሱ፣ ቴሌቪዥኑ ቢዘጋ፣ ያ ምሽት ከዶሮው ይልቅ በልጆቹ ልብ ሊቀር ይችላል። እኔ ከልጅነቴ በዓላት ወጡን ረስቼዋለሁ፤ የአዲስ ደብተር ሽታ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ጥያቄ፦ እዚህ ሁለት አዲስ ዓመት ነው የምናሳልፈው። ዕቅዴን በየትኛው ልጀምር? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ግብርዎም ደመወዝዎም በጃንዋሪ አቆጣጠር የሚሄድ ስለሆነ የገንዘቡን ዕቅድ እዚያ ይተዉት። መስከረም 1 በእነርሱ ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ 12 ላይ ይውላል፤ ይህን ቀን ለሰው ይስጡት። ማንን ሳልጠይቅ ዓመት አለፈኝ የሚለውን ለማሰብ ከጳጉሜን የተሻለ ጊዜ የለም፤ አምስት ቀን ነው፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ ስድስት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። ደመወዜን በሙሉ ለቤተሰብ እልካለሁ። ለራሴ ትንሽ ነገር በገዛሁ ቁጥር የሰረቅሁ ይመስለኛል። እንቁጣጣሽ የሥራ ቀን ነው፤ የማርፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ምን ላስቀድም? (ከሪያድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እትዬ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም እንደ እህት ልናገርሽ። በመጀመሪያ በራስሽ ስም ሌላ ሰው የማያንቀሳቅሰው የባንክ ሒሳብ ይኑርሽ፤ ደመወዝሽ እንደደረሰሽ፣ ወደ ቤት ከመላክሽ በፊት፣ ከዐሥር አንዱን እንኳ እዚያ አስገቢ። ከላክሽ በኋላ አስቀምጣለሁ ካልሽ የሚቀመጥ አይኖርም፤ የቤተሰብ ችግር አልቆ አያውቅምና። ይህ ስስት አይደለም። አንድ ቀን ተመልሰሽ ስትመጪ ባዶ እጅሽን ብትሆኚ የሚያዝኑት እነዚያው የምትልኪላቸው ሰዎች ናቸው። ይህንንም በግልጽ ንገሪያቸው፤ ከዚህ ወር ጀምሮ የምልከው ይህን ያህል ነው ብለሽ መጠኑን ቁረጪ። የመጀመሪያው ወር ቅሬታ ያመጣ ይሆናል፤ የጸና መጠን ግን ቤተሰብም ወጪውን እንዲያቅድ ይረዳል።

ደስታውን በተመለከተ፣ የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ መሆኑ ለአንቺ ትልቅ ጸጋ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናትሽ ቡና ስታፈላ አንቺም አፍዪ፤ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡትና ከአቦሉ እስከ በረካው አብራችሁ ጠጡ። በዚያ ሰዓት ስለ ገንዘብ እንዳይወራ አስቀድመሽ ተስማሚ። የላኪነት ጣጣው ይህ ነው፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ወሬው ወደ ብር ይዞራል፤ ልጅነትሽም እዚያው ይቀራል። ለራስሽ ስለምትገዢው ትንሽ ነገርም፣ ሽቶ ይሁን ነጠላ፣ ለማንም ሒሳብ ማቅረብ አይጠበቅብሽም።

ጥያቄ፦ እናቴ በሐምሌ ዐረፈች። በዚህ እንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ ወደ ደጄ ቢመጡ ምን ላድርግ? ብከፍት ሐዘኑን ያቀለልሁ፣ ባልከፍት ሕፃናቱን ያሳዘንሁ ይመስለኛል። (ከደሴ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። አብዛኛውን ጊዜ የሐዘን ቤት መሆኑን የሰፈሩ እናቶች ነግረዋቸው ልጆቹ በሩን አልፈው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ የሚያስጨንቅዎት ነገር ላይደርስ ይችላል። ከመጡ ግን ይክፈቱላቸው። ዘፈኑን መስማት ከከበደዎት፣ ሳይዘፍኑ እንግጫውንና አደይ አበባውን ይቀበሏቸው፤ ሥዕል ይዘው ለሚመጡት ወንዶች ልጆችም እንዲሁ ያድርጉ። እናትዎ በየዓመቱ ለልጆቹ የሚሰጡት ነገር ከነበረ፣ ዳቦም ይሁን ሳንቲም፣ እርሱኑ ይስጧቸው፤ ከማን እንደሆነም ይንገሯቸው።