መልስ፦ ታሪኩን በቃሉ እያወቀ ውጤቱ ለምን ዝቅ አለ?

የሰባተኛ ክፍል ልጅዎ ታሪኩን በቃሉ እየወጣው በድርሰቱ ከ100 62 ማግኘቱ ግራ እንዳጋባዎት ጽፈዋል። ይገባኛል። እኔም የታሪክ ትምህርት ስለማስተምር በየዓመቱ ከወላጆች የምሰማው ጥያቄ ነው።

በዚህ ዕድሜ የሚለካው ነገር ይለወጣል። ታች ክፍል እያለ «ማን? መቼ?» ነበር። አሁን «ለምን? በምን አወቅህ?» ሆኗል። አንድ ተማሪ «የጥንት ግብፅ ያደገችው በአባይ ነው» ብሎ አራት ነጥብ አድርጎ ያልፋል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። ጎርፉ በየዓመቱ ለም ደለል ትቶ ይሄድ እንደነበር፣ እህል ሲተርፍ ደግሞ ከእርሻ ውጭ የሚሠሩ ጸሐፊዎችና ግንበኞች መኖር እንደቻሉ ሲጨምርበት ነጥቡ ይመጣል። ሐሳብ፣ ማስረጃ፣ ከዚያ ማስረጃው ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፍ ማብራራት። ብዙ ልጆች የሚደናቀፉት ሦስተኛው ላይ ነው።

ስለዚህ መምህሩን የማረሚያ መስፈርቱን ይጠይቁት። ልጅዎ ድርሰቱን ከማስረከቡ በፊት ከመስፈርቱ ጋር አንድ በአንድ ያስተያየው። ስለ እጅ ጽሑፉ ብዙም አይጨነቁ።

ያላስገባው ሥራ ካለ ግን ዛሬውኑ ያስገባ። ሦስት ጊዜ 90 አግኝቶ በአራተኛው ዜሮ ቢያዝበት አማካዩ 67.5 ይሆናል። ይህ ቁጥር ልጁ የሚያውቀውን አያሳይም። እኔ በበኩሌ ዜሮ ከምሰጥ ዘግይቶም ቢሆን ብቀበል እመርጣለሁ። የልጅዎ መምህር ምን እንደሚያደርግ ግን አስቀድመው ይጠይቁ።