ጥያቄና መልስ፦ የቪቫልዲ «ግሎሪያ» ያለ ወንድ ድምፅ

ጥያቄ፦ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 20 ልጃገረዶች ያሉበት የመዘምራን ቡድን አሠለጥናለሁ። የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቪቫልዲን «ግሎሪያ» (በላቲን የሚዘመር የምስጋና መዝሙር) ልናጠና ኖታውን ብናየው ቴነርና ቤዝ (ከፍተኛና ዝቅተኛ የወንድ ድምፅ) አለበት። ወንድ የለንም፤ ያለን መሣሪያም አንድ ኪቦርድ ነው። ይሆናል ትላላችሁ? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ይሆናል። ቪቫልዲ ከ1703 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ቫዮሊን ያስተምርበት በነበረው በቬኒሱ የ«ፒዬታ» ሕፃናት ማሳደጊያ መዘምራኑ ሴቶች ብቻ ነበሩ።

ቡድኑን 7 ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ)፣ 5 አልቶ (ዝቅተኛ የሴት ድምፅ)፣ 4 ቴነር፣ 4 ቤዝ አድርገው ይክፈሉት። ቤዙ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለ ርቀት) ከፍ ብሎ ይዘመር። ችግሩ፣ ከፍ ሲል ከቴነሩ በላይ እየወጣ ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ድምፆች) ይገለብጠዋል፤ ዝማሬው መሠረት ያጣል። ስለዚህ የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዙን በተጻፈበት ዝቅታ ሳያቋርጥ ይምታ። ይህን መተው አይቻልም። ቴነሩን ግን ከፍ አያድርጉት፤ ሶፕራኖውን አልፎ ዜማውን ይሸፍናል። ወፍራም ድምፅ ያላቸው አራቱ በተጻፈበት ይያዙት፤ ከመካከለኛው ዶ በታች ካለችው ላ ወደ ታች ሲያልፍ ያንን ሐረግ ብቻ ወደ ላይ ያንሱት። ጉሮሮ አስጨንቆ ማውረድ ለዚህ ዕድሜ አይበጅም።

ኪቦርዱን በ«ትራንስፖዝ» ግማሽ ድምፅ አውርዶ ዛሬ ከተለመደው 440 ኸርዝ ቅኝት ወደ ድሮው 415 ኸርዝ የሚያስጠጋ አለ። ሶፕራኖዎቹን ያሳርፋል፤ ቴነር የያዙትን ግን ይጎዳል። እኛ 440 ላይ ይቆይ ባዮች ነን።

ላቲኑ ላይ ሳድሳችን ያስቸግራል። «ግሎሪያ» ስንል «ግ» የራሷን አናባቢ ታበጃለች፤ ኖታው ላይ ያሉት ግን ግሎ፣ ሪ፣ አ፣ ሦስት ቀለም ብቻ ናቸው። «ስፒሪቱ»ም «እስፒሪቱ» እንዳይሆን። «ግራትሲያስ» በ«ጸ» ከተባለ ይፈነዳል፤ «ት» እና «ስ» ለስለስ ብለው ይያያዙ። «ቴራ» ላይ «ራ» ይጥበቅ። «ማኛም» እና «አኙስ» ግን ለእኛ ቀላል ናቸው፤ «ኘ» አለችን።

ልምምዱን በ3ኛው ክፍል፣ በ«ላውዳሙስ ቴ» ይጀምሩ። የተጻፈው ለሁለት ሶፕራኖ ስለሆነ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎ ማዘመር ይቻላል። ከዚያ መክፈቻው። የመጨረሻው ፉጋ (ድምፆቹ አንዱን ዜማ እየተቀባበሉ የሚገቡበት ክፍል) «ኩም ሳንክቶ ስፒሪቱ» ይቆይ፤ መጀመሪያ ያለ ቃል፣ በ«ዱ» ብቻ፣ በግማሽ ፍጥነት ይጠና። ረጅም ሩጫዎቹ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ አይተንፍሱ፤ ማን የት እንደምትተነፍስ በየኖታቸው ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ።