ታብሌት ተሸክሜ ሰፈር ለሰፈር ልዙር ወይ? ላልሽኝ የድሬዳዋ ነርስ

እህቴ መልዕክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎችም እንዲገባ አሳጥሬ ልድገመው። ነርሲንግ በዲግሪ ጨርሰሻል፣ መውጫ ፈተናውንም የብቃት ምዘናውንም አልፈሻል፣ ሁለት አመት ሊሞላሽ ነው፣ ሳቢያን አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በትንሽ ብር መርፌ ስትወጊ ከርመሻል። አሁን ሐረር ሆስፒታል ውስጥ የሚሰራ አንድ የጥናት ፕሮጀክት ዳታ ኮሌክተር (ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት መረጃ የሚሰበስብ) እና ሪሰርች ነርስ (የጥናት ነርስ) እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል፣ ኮንትራቱ ስድስት ወር ነው። ወንድምሽ "የስድስት ወር ስራም ስራ ሆኖ" ብሎሻል፣ አንቺ ደግሞ "እኔ ተመራማሪ መሆን ነው የምፈልገው፣ ፎርም ለመሙላት ነው እንዴ አራት አመት የተማርኩት፣ ማስተርሴን ልቀጥልና በዛ በኩል ልግባ?" ብለሻል።

ፕሮጀክቱ ላይ ግቢ። ግን በሪሰርች ነርሷ ቦታ ተወዳደሪ፣ እሱ ካልሆነ ብቻ ዳታ ኮሌክተሩን ያዢ። ማስተርሱ የትም አይሄድም፣ ምን ላይ መስራት እንደምትፈልጊ ሳታውቂ የምትማሪው ማስተርስ ደግሞ ቲሲስ ሲደርስ ርዕስ ለማግኘት ጓደኛ መለመን ነው ትርፉ፣ ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን ተመራማሪ ስትዪ አይንሽ ላይ የሚመጣው ነጭ ጋውን የለበሰ ፕሮፌሰር ይመስለኛል። እሱ አለ፣ ፒአይ ይባላል፣ ዋናው ተመራማሪ ማለት ነው፣ ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ እቅድ) ላይ ስሙ የሰፈረው ተጠያቂው እሱ ነው። ግን እሱ ሰውዬ ጠዋት ራውንድ አለው፣ ከሰዓት ተማሪ ያስተምራል፣ ማታ ዲዩቲ ሊኖረው ይችላል። ጥናቱን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያንቀሳቅሱት ሌሎች ናቸው። ኮኦርዲኔተሯ (ብዙ ጊዜ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ናት፣ ይሄን ልብ በይልኝ) የማን ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ፎርም እንደጎደለ፣ የስነምግባር ኮሚቴው ፈቃድ መቼ እንደሚያልቅ በጭንቅላቷ ይዛ የምትዞር ሰው ናት። ፋርማሲስቱ የመድሃኒቱን ፍሬ እየቆጠረ ያስገባል ያስወጣል። ዳታ ማናጀሩ እላይ ቤት ተቀምጦ "የ43 ቁጥር ተሳታፊ ክብደት ባለፈው ወር 11 ኪሎ ነበር አሁን 17 ነው፣ አጣሩ" እያለ ኩዌሪ ይልካል፣ ሰው ሁሉ ይጠላዋል፣ እኔ ግን በኋላ ነው የወደድኩት። የላቦራቶሪው ልጅ ደግሞ ሌሊት መብራት ሄዶ ጄነሬተሩ አልነሳ ሲል ዘበኛው ደውሎለት በሸበጥ በባጃጅ የሚመጣው ነው፣ ምክንያቱም ሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚይዘው ፍሪዘር ውስጥ የወራት ደም ተቀምጧል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ናሙና ጊዜ አይሰጥም። ሹፌሩንም አትርሺ፣ የትኛው ቀበሌ መንገድ በጎርፍ እንደተቆረጠ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ስፖንሰሩ (ጥናቱን የሚያሰራው ድርጅት) የሚልከው ሞኒተር የሚባል፣ ስራው በትክክል መሰራቱን የሚያጣራ ሰውም አለ፣ እሱ ጋ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ አንቺ። መልዕክትሽ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር "አማርኛና ኦሮምኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ፣ ሶማልኛም ለገበያ ያህል" ብለሽ ጣል አድርገሻታል። አቦ እሱን ነው ከላይ መጻፍ የነበረብሽ! ለምን መሰለሽ፣ በኛ በአማርኛ ምርምርና ምርመራ በፊደል የሚለያዩት ለትንሽ ነው አይደል፣ በሰው ጆሮ ደግሞ ጭራሽ አይለያዩም። "ለምርምር ነው ደም የምንወስደው" ስትዪያት እናትየዋ "ለምርመራ ነው" ብላ ትሰማለች፣ ማለትም ልጄን መርምረው በሽታውን ሊነግሩኝ ነው ብላ። በኦሮምኛማ ቆረኖ የሚለው ሁለቱንም ይሸፍናል። እና ፈርማ ትሄድና በሶስተኛው ቀን ተመልሳ መጥታ "ውጤቱስ?" ትላለች፣ ውጤት የለም፣ ናሙናው ገና ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ እሷ ግን ተታለልኩ ብላ ጎረቤት ትነግራለች፣ ከዛ ያ ቀበሌ ተዘጋ በቃ። የኮንሰንት ፎርሙ (ተሳታፊው ፈቃደኝነቱን የሚፈርምበት) በኦሮምኛ ይተረጎማል፣ ከዛ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ መልሶ ይተረጉመዋል፣ ሁለቱ ይተያያሉ፣ ይሄ ሁሉ ተደርጎም ወረቀቱ ብቻውን አይናገርም። የሚናገረው አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ነው፣ እሱም አንቺ ነሽ።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ከፈዲስ የመጣች እናት ናት፣ ልጇን ታቅፋ፣ ማንበብ አትችልም። ሪሰርች ነርሷ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረች፣ "10 ሚሊ ሊትር ደም" የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና ኪሷ ውስጥ ከያዘችው ፌስታል የሻይ ማንኪያ አውጥታ "በዚች ሁለቴ" አለቻት። እናትየዋ ማንኪያዋን ተቀብላ አገላብጣ አየቻት፣ ከዛ ጠየቀች፣ "እምቢ ብል ልጄን አታክሙልኝም?" ነርሷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ይሄን ነው ያስታወስኩት፣ እስክሪብቶውን ማስቀመጧን። "ልጅሽ ይታከማል፣ እምቢ ብትዪም፣ ጀምረሽ ነገ ብትተዪም" አለቻት፣ ከዛ መልሳ "እስቲ ምን እንዳልኩሽ አንቺ ንገሪኝ" አለቻት፣ እናትየዋም በራሷ ቋንቋ ደገመችው። ምስክር መጣ፣ ከጥናቱ ሰራተኞች ያልሆነ፣ ከጎን አልጋ የአስታማሚ አያት ነበሩ። እናትየዋ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች፣ ምስክሩም ፈረሙ፣ ነርሷም ፈረመች፣ አንዱ ቅጂ ለእናትየዋ ተሰጣት፣ አራት አጥፋ ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። አርባ ደቂቃ ፈጅቷል። ፒአዩ ያን ሰዓት ኦፕሬሽን ክፍል ነበር።

ፎርም መሙላት ያልሽው ይሄ ነው እንግዲህ።

እዚሁ አካባቢያችን ምን እንደሚሰራም አትናቂ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርሳ ወረዳ ላይ ቤት ለቤት እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ይመዘግባል፣ ዛሬ ስንት ጥናት የቆመው በዛ መዝገብ ላይ ነው። ቻምፕስ የሚባለው ደግሞ ከአምስት አመት በታች ያሉ ህጻናት ለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ፣ ሞተው የሚወለዱትንም ጨምሮ፣ በቀጭን መርፌ ትንሽ ናሙና ይወስዳል። እስቲ አስቢው፣ እኛ ሰፈር ቀብር ቶሎ ነው፣ ናሙናውም ቶሎ መወሰድ አለበት፣ ገና እንባዋ ያልደረቀ እናት ጋ ሄዶ ያንን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ይሄንን ፕሮፌሰር ስለሆንሽ ብቻ አትችዪውም፣ ቋንቋና ልብ ነው የሚጠይቀው። ድሬም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. በበጋ ወባ ሲነሳ ሁላችንም ግራ ገብቶን ነበር አይደል፣ ስቴፈንሲ የምትባለዋ አዲስ ትንኝ በየቤታችን በርሜልና ሮቶ ውሃ ውስጥ እንደምትራባና ወረርሽኙም ከሷ ጋር እንደተያያዘ የአርማወር ሃንሰን ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች አሳይተው በ2023 በትልቅ ጆርናል ወጣ። ጆርናሉ ላይ የሚነበበው ስም የተወሰነ ነው፣ የሮቶ ክዳን ከፍቶ ባትሪ ያበራው፣ የታማሚውን ቤተሰብ ጣት የወጋው ግን የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው።

አሁን ሞኒተሩ። እኔ ስጀምር ዳታ ኮሌክተር ነበርኩ፣ የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም። ታካሚ ይበዛል፣ እኔም "ማታ ቤቴ ሄጄ አሟላዋለሁ" እያልኩ ክፍት ቦታ እተው ነበር፣ ማታ ደግሞ ያው ታውቂያለሽ፣ ለሳምንት ይጠራቀምና ቅዳሜ ቁጭ ብዬ በትዝታ እሞላለሁ። ውሸት አልጻፍኩም፣ ሰዎቹን አይቻቸዋለሁ፣ ለክቻቸዋለሁ። ሞኒተሯ ከአዲስ አበባ መጣች፣ ዝምተኛ ሴት፣ ሁለት ቀን ካርድና ፎርም ጎን ለጎን አድርጋ ስታነብ ዋለች፣ በሁለተኛው ቀን ጠራችኝና አንድ ፎርም አሳየችኝ፣ "ይህን ቀን ክሊኒኩ ክፍት ነበር?" አለችኝ። ቀኑን አየሁት። መውሊድ ነው። ዝግ ነበር። በአንድ ቀን ነው የተሳሳትኩት እኮ፣ ግን ከዛ በኋላ የኔ እጅ ጽሁፍ ያለበት ፎርም ሁሉ አንድ በአንድ ተጣራ፣ አስራ አራቱ ከትንታኔው ወጡ፣ አስራ አራት ሰው በከንቱ ክንዱን ሰጥቶ ማለት ነው። ኮኦርዲኔተሬ አልጮኸችብኝም፣ አጠገቤ ተቀምጣ ማብራሪያውን አብራኝ ጻፈች፣ እሱ ነው የባሰው። ስለዚህ እንደ በሽተኛ ቻርት አድርገሽ ያዢው፣ ያየሽውን ያየሽ ሰዓት ጻፊ፣ ከተሳሳትሽ በአንድ መስመር ሰርዘሽ አጠገቡ ትክክለኛውን ጽፈሽ ፊርማና ቀን አድርጊበት፣ ኮሬክተር የሚባል ነገር ቦርሳሽ ውስጥ እንዳይገኝ። አንዳንዱ ጫት ቤት ቁጭ ብሎ የሃያ ሰው መጠይቅ ሲሞላ ታያለሽ፣ "ማን ያውቃል" ይልሻል፣ ይታወቃል እመኚኝ፣ የሃያ ሰው ግፊት ሁሉ 120 በ80 ሆኖ ሲመጣ ዳታ ማናጀሩ ሞኝ አይደለም።

ዳታ ኮሌክተር ከሆንሽ ደግሞ አንድ የሰፈር ብልሃት፣ ቤት ለቤት ስራሽን ጠዋት ጨርሺ። ከሰባት ሰዓት በኋላ በርጫ (የጫት ሰዓት) ነው፣ ሙቀቱም አለ፣ ያን ሰዓት በር ብታንኳኪ ወይ አይከፈትልሽም ወይ ቶሎ እንድትሄጂለት ብቻ ለሁሉም ጥያቄ "አዎ" ይልሻል።

ወንድምሽ ስለ ስድስት ወር ያለው ግን ባዶ ወሬ አይደለም። ፕሮጀክት በፈንድ ነው የሚኖረው፣ ፈንዱ ሲያልቅ ቢሮውም ወንበሩም ይሄዳል፣ "ይራዘማል" የሚልሽን በወረቀት ካልሆነ አትመኚበት። ከመፈረምሽ በፊት የምትጠይቂው፣ ደሞዝ ነው ወይስ አበል ብቻ፣ የስራ ግብርና ጡረታ ይቆረጣል ወይ? የሚቆረጥ ከሆነ ደስ ይበልሽ፣ አትከፊ፣ ምክንያቱም ነገ የስራ ልምድ ደብዳቤ ስታስገቢ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይጠይቁሻል፣ በአበል ብቻ የሰራሽው ስድስት ወር ወረቀት ላይ እንዳልነበረ ነው። የስራ መደቡ ስም ደብዳቤው ላይ "ሪሰርች ነርስ" ተብሎ እንዲጻፍም ጠይቂ፣ "ረዳት" ምናምን ብለው እንዳይሸኙሽ።

ለኢንተርቪው ደግሞ ጂሲፒ፣ የክሊኒካል ጥናት ጥሩ አሰራር ስልጠና፣ ኦንላይን በነጻ አለ፣ የግሎባል ሄልዝ ኔትወርክ ማሰልጠኛ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ከአንድ ቀን አይበልጥብሽም፣ ሰርተፍኬቱን አያይዘሽ ግቢ። መመሪያው በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ተሻሽሏል፣ አዲሱን አንብቢ። አንድ ጥያቄ ከኔ እንኪ፣ እኔ ፓነል ላይ ስቀመጥ ሁሌ የምጠይቀው ነው። የአንድ ተሳታፊ ህጻን እናት ማታ ደውላ "ልጄን ባጃጅ ገጭቶት ሆስፒታል ተኝቷል" ብትልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ብዙው ሰው "ከጥናቱ ጋር አይገናኝም" ይላል። ተሳታፊው ልጁ ስለሆነ ሆስፒታል መተኛቱ ብቻ ከባድ ክስተት ያደርገዋል፣ ባጃጅም ይሁን ምንም። መድሃኒቱ አዙሮት እንደሆነስ አንቺ በምን ታውቂያለሽ? እዛው ማታውኑ ለፒአዩ ትደውያለሽ፣ ስፖንሰሩ ጋ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፣ ይገናኛል አይገናኝም የሚለውን የሚወስኑት ሐኪሞቹ ናቸው። ይሄን ከመለስሽ ፓነሉ ላይ ያለው ሰው እርስ በርስ ይተያያል።

ሲቪሽን ደግሞ አስተካክዪ፣ "ታታሪና በቡድን መስራት የምችል" የሚለውን አውጪና ቋንቋዎቹን ከስምሽ በታች አድርጊ፣ ሶማልኛውንም "መግባባት እችላለሁ" በዪ፣ ከዛ በላይ ግን እንዳትዪ፣ እዛው በሶማልኛ ይጠይቁሻል። ክሊኒኩ ውስጥ በቀን ስንት ህጻን ደም ስር ታገኚ እንደነበርም ጻፊ፣ የህጻን ደም ስር በአንዴ የሚያገኝ እጅ ጥናት ላይ ወርቅ ነው። ማስታወቂያው ሐሙስ ይዘጋል ብለሻል፣ እሮብ ማታ ላኪልኝና አይቼ እመልስልሻለሁ፣ ውሉም ሲሰጡሽ ሳትፈርሚ መጀመሪያ ፎቶ አንስተሽ ላኪው።