መልስ፦ ለጥምቀት ከአዘዞ መቼ እንውጣ?

እህቴ፣ «እናቴን ይዤ ከአዘዞ ለጥምቀት ልመጣ ነው፤ የቱ ቀን ይሻላታል?» ላልሽው፣ እኔ ብሆን ከተራን፣ ጥር 10ን እመርጣለሁ። ታቦታቱ በእልልታና በሆታ ወደ ጎንደሩ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገድ ዳር ቆመው ያያሉ። ገንዳው ቀደም ብሎ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል።

ጥር 11 ንጋት ግን ሌላ ነው። ውኃው እንደተባረከ ወጣቱ ከየዛፉ እየዘለለ ይገባል፤ አምና ጠርዙ ላይ ቆሜ ነጠላዬ ሲጨመቅ አንድ እንስራ ይሞላ ነበር! እማማን ከዳር አርቂያቸው። ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው፤ ሚካኤል ይሸኛል። ባጃጅ ላይ አትተማመኚ፣ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት መሐል ላይ ታወርድሻለች። ለእማማ ዱካ ነገር ያዥላቸው፣ መቆሙ ረጅም ነው።