በነፍሰ ጡርና በወላድ ፊኛ ውስጥ ስለሚገኝ ጠጠር፦ ጥያቄና መልስ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ፊኛ ጠጠር የጠየቃችሁኝን በቅደም ተከተል ልመልስ።

ጥያቄ፦ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ያቃጥለኛልም። ጠጠር ይሆን?

መልስ፦ ጠጠር መሆኑ እምብዛም ነው። ቶሎ ቶሎ መሽናቱን እርግዝናው ያመጣዋል፤ ማቃጠሉ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳትይ ሽንትሽን ተመርመሪ። ሽንትሽ እየወረደ መሃል ላይ ቀጥ ካለ ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ለሐኪሙ ንገሪው። ጠጠር ካለ አልትራሳውንድ ያሳየዋል፤ ፅንሱንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ጠጠር ካለ ምጥ ላይ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ትንሽ ከሆነ ምንም ላያደርግ ይችላል። ትልቁ ግን የሕፃኑን መውጫ ሊዘጋ ይችላል። ፊኛዋም በጠጠሩና በሕፃኑ ጭንቅላት መካከል ተጨፍልቃ ልትቀደድ ትችላለች። ቀድሞ ከታወቀ ሐኪሞቹ ጠጠሩ መቼ እንደሚወጣ፣ በምን እንደምትወልጂም ይወስናሉ።

ጥያቄ፦ እህቴ 3 ቀን አምጣ ከወለደች ወዲህ ሽንት ይፈስሳታል። ፌስቱላ ነው (በረጅም ምጥ በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ) ተባለ። አሁን ደግሞ ጠጠር ተገኘ ብለው ጥገናውን አራዘሙት። እያንገላቷት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ጠጠር ያቆሰለው ፊኛ ቢሰፋ ስፌቱ አይይዝም። መጀመሪያ ጠጠሩ ይወጣል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ ከዚያ ይጠገናል።

ጠጠሩ ከየት መጣ? ሽንት ከሚፈስሳቸው ብዙዎቹ ልብሳቸው እንዳይረጥብ፣ ሰው እንዳይሸታቸው ብለው ውሃ ይተዋሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ስኒ ቡና ብቻ ቀምሳ የምትውል አውቃለሁ። ሽንቷ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሮ ነበር። ሽንት ሲወፍር ደግሞ ጠጠር ይሠራል፤ ቆዳንም የበለጠ ያቃጥላል። ፍሳሹን ለማቆም ውስጥ የሚወተፍ ጨርቅም ጠጠር ያበቅላል። ስለዚህ እህትሽ ትጠጣ፣ ሽንቷ ነጣ እስኪል! እነ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ያቋቋሙት የአዲስ አበባው ፌስቱላ ሆስፒታል በነፃ ያክማል፤ ባሕር ዳር፣ ይርጋለም፣ መቀሌ፣ ሐረርና መቱም ማዕከሎች አሉት።

ጥያቄ፦ ከረጅም ምጥ በኋላ ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) 14 ቀን ይቆይ ተባልኩ። ጠጠር አያመጣም?

መልስ፦ ለ14 ቀን አትስጊ፤ የተጎዳው ፊኛሽ እንዲያርፍ ነው። ጠጠር የሚያበጀው ተረስቶ ወራት የሚቆየው ነው። የሚወጣበትን ቀን አስጽፈሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ ተልባ ብጠጣ ጠጠሩ ይሟሟል?

መልስ፦ አይሟሟም። ውሃው ግን አይከፋም።