የጋራ ማከማቻ ለሰርቨሮች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ ናስ (NAS) እና ሳን (SAN) የሚባሉት የማከማቻ ዓይነቶች ሁለቱም በኔትወርክ የሚደረስባቸው ዲስኮች አይደሉም? ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ የፋይል ሥርዓቱን፣ ማለትም የትኛው ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንዳለ የሚመዘግበውን አሠራር፣ የሚያስተዳድረው ማን ነው የሚለው ላይ። በናስ ማከማቻው ራሱ ያስተዳድራል፤ ሰርቨሩ ኤንኤፍኤስ (NFS) ወይም ኤስኤምቢ (SMB) በተባሉ የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮሎች ፋይሉን በስሙ ይጠይቃል። ሳን ግን ስለ ፋይል የሚያውቀው ነገር የለም። አይስካዚ (iSCSI) ወይም ፋይበር ቻናል በተባሉ የዲስክ ማገናኛ መንገዶች ብሎኮችን፣ ማለትም ቁጥር የተሰጣቸውን የዲስክ ቁራጮች፣ ብቻ ያቀርባል፤ ሰርቨሩም እንደ ራሱ ዲስክ ፎርማት ያደርገዋል። ይህን የጨበጠ ሰው ብዙውን ጥያቄ ራሱ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ አንድ የአይስካዚ ዲስክ ከሁለት ሰርቨሮች ጋር ባገናኝ ፋይሎቹን ይጋራሉ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት! የተለመዱት የሊኑክስ ፋይል ሥርዓቶች፣ ኤክስት4ም (ext4) ሆነ ኤክስኤፍኤስ (XFS)፣ የተሠሩት ዲስኩ የአንድ ሰርቨር ብቻ ነው በሚል ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር የትኛው ብሎክ ባዶ እንደሆነ በራሱ ሜሞሪ ይዟል፤ ሌላው የጻፈውን አያውቅም። አንዱ የሞላውን ብሎክ ሌላው ባዶ ነው ብሎ ይጽፍበታል። ክፋቱ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ብልሽቱ ሲገለጥ የተበላሸው ፋይል ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ገብቶ ሊሆን ይችላል። የግድ ከሆነ እንደ ጂኤፍኤስ2 ያለ፣ ሰርቨሮቹ ተራ እየጠበቁ እንዲጽፉ የሚያስተባብር የክላስተር (በቡድን የሚሠሩ ሰርቨሮች) ፋይል ሥርዓት ያስፈልጋል። ፋይል ለመጋራት ብቻ ከሆነ ግን ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 የሠራው ኤንኤፍኤስ ዛሬም ይበቃል።

ጥያቄ፦ የኤንኤፍኤስ ማከማቻው ሲቋረጥ ሰርቨሮቹ ደርቀው ይቀራሉ። ማከማቻው ሲገናኝ የሚሰጠውን ምርጫ (ማውንት ኦፕሽን) ከ«ሃርድ» ወደ «ሶፍት» ብቀይረውስ?

መልስ፦ ለሚጻፍበት ማከማቻ አልመክርም። በ«ሃርድ» ሊኑክስ ማከማቻው እስኪመለስ ጥያቄውን ደጋግሞ ይልካል፤ ፕሮግራሙም ይጠብቃል። «ሶፍት» ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ስሕተት ይመልሳል፤ ያንን ስሕተት ችላ ብሎ የሚያልፍ ፕሮግራም ደግሞ ጎዶሎ ፋይል ትቶልዎት ይሄዳል። መጠበቁ ያበሳጫል፤ መረጃ ማጣት ግን ይብሳል።

ጥያቄ፦ ባለ 1 ጊጋቢት መስመር ለዳታቤዝ ይበቃል?

መልስ፦ ጣሪያው በሴኮንድ 125 ሜጋባይት ነው። ዳታቤዝን ይበልጥ የሚጎትተው ግን የእያንዳንዱ ምላሽ መዘግየት ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይለኩ።

ጥያቄ፦ ሬይድ (RAID፣ አንድ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ብዙ ዲስኮችን የሚያጣምር አሠራር) ካለ መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) አያስፈልግም ማለት ነው?

መልስ፦ ያስፈልጋል። ሬይድ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል አይመልስም።

ጥያቄ፦ የፋይሉ ባለቤት በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይታያል።

መልስ፦ ኤንኤፍኤስ 3 የሚልከው የተጠቃሚውን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው። በአንዱ ሰርቨር 1001 የሆነ ተጠቃሚ በሌላውም 1001 ይሁን፤ ሰርቨሮቹ ከበዙ የተጠቃሚዎችን መዝገብ በአንድ ቦታ የሚይዘውን ኤልዳፕን (LDAP) ይጠቀሙ።